ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል

«ፖለቲከኛ የሚወደው ሙዚቃና የሚቀሰቅስበት ዘፈን ማንነቱን ያሳያል ወይ?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ እኔ የሚያሳየኝ እኛን እንዴት እንደሚያየን ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በምርጫ ሰሞን ሞንታርቦ የጫነች መኪና ትመጣና በየብሎኩ ትዞራለች። ዘፈኑ ስለ አገር፣ ስለ ጀግና ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰፈር ፉከራ! (ልጆቹ ግን ይጨፍሩበታል፣ አልዋሽም።)

አሜሪካዊው ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ጥቁር መነጽር አድርጎ በአርሴኒዮ ሆል የቴሌቪዥን ሾው ላይ ሳክስፎን ነፋ። ሳክስፎኑ የእውነት ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጫወታል። መነጽሩ ግን ለወጣቱ የታሰበ ይመስለኛል።

የሚገርመኝ የሌላው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሬገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ጀርሲ ላይ ሲቀሰቅስ የብሩስ ስፕሪንግስቲን ዘፈኖች የተስፋ መልእክት እንዳላቸው ተናገረ። ዘፋኙ የዚያው አገር ልጅ ነዋ! ግን በዚያ ዓመት የወጣው «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» ከቬትናም ተመልሶ ሥራ ስላጣ ወታደር የሚያወራ ነው። አዝማቹ ድል ይመስላል፣ ስንኙ እሮሮ ነው። በቅኔ ላደገ ሰው ይሄ ግልጽ ነው፤ ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል።

ስለ ፖለቲከኞች የግል የሙዚቃ ምርጫ ከጠየቅከኝ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ከየክልሉ አንድ አንድ ዘፋኝ የሚቆጥር ካጋጠመህ፣ ያ ኮታ ነው። አንዲት ዘፈን ጠርቶ የት ቁጭ ብሎ እንደሰማት የሚነግርህን ግን ትንሽ ጆሮ ስጠው።