ሙሽራዋን የማይውጥ ጭጋግ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ ውስጥ ለሰርግና ለትንንሽ ኮንሰርቶች ላይት እሠራለሁ። አራት ቢም ሙቪንግ ሄድ (ቀጭን ጨረር እየወረወረ የሚዞር መብራት) እና ስምንት ኤልኢዲ ፓር (ሰፋ አድርጎ የሚያበራ) አለኝ። ጭስ የማወጣው በ900 ዋት ጭስ ማሽን ነው። ስለቀው ሙሽሮቹ ይጠፋሉ፣ ካሜራ ማኑ ይጮህብኛል። ሳቆመው ደግሞ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። ስስ ጭጋግ የሚያወጣ ሄዝ ማሽን (ሄዘር) ልገዛ ነው፣ በጀቴ ግን ጠባብ ነው። አዲስ አበባ ሦስት አማራጭ አገኘሁ። አንደኛው 1500 ዋት ነው፤ ወደ ላይ ይተኩሳል፣ ራሱ ላይም መብራት አለው። ሁለተኛው አንድ ሰው ከአሜሪካ ያመጣው፣ በዘይት የሚሠራ ያገለገለ ሄዘር ነው። ሦስተኛው አዲስ 700 ዋት፣ በውሃ ሊኪድ የሚሠራ፣ ውስጡ ፋን ያለው ነው። ሻጩ የሚያሞግሰው የመጀመሪያውን ነው። የቱን ልውሰድ?»

ሦስተኛውን ውሰድ ወንድሜ። ምክንያቱን ካወቅከው ግን ሌላ ቀንም ሻጭ አይሸውድህምና ትንሽ ታገሰኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አስበው። እጣኑ ፍሙ ላይ እንደወደቀ ጭሱ ወፈር ብሎ፣ እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ይነሳል። ከጀርባው የተቀመጠው ሰው ፊት አይታይም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ያ ገመድ የለም። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ ግን ማንም ልብ አይለውም። የምታሳብቀው በመስኮት የገባችው ፀሐይ ናት። ከመስኮቱ እስከ ቄጤማው እንደ ነጠላ ተዘርግታ ትታያለች። የአቦሉ ሰዓት ጭስ ያንተ ማሽን የሚሠራው ነው። የቶናው ሰዓት ሄዝ ነው። ለጨረር የሚያስፈልግህ የቶናው ነው።

የጭስ ማሽንህ ሆድ ውስጥ ትንሽ ፓምፕና የጋለ ብረት አለ። ፓምፑ ግላይኮልና ውሃ የተቀላቀለበትን ሊኪድ ወደ ብረቱ ይገፋል። ሊኪዱ ይተናል። በአፍንጫው ሲወጣ ቀዝቃዛ አየር ያገኘዋል፣ ወዲያው ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። ነጩ ደመና ያ ነው። ጭስ እንለዋለን እንጂ የሚቃጠል ነገር የለውም።

አሁን ወደ ሦስቱ እንምጣ። ባለ 1500 ዋቱ ሄዝ ማሽን አይደለም። ጭስ ማሽን ነው፣ ያውም ጉልበተኛ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ ቱግ ሲል ያምራል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ግን የሸሸኸው ችግር ውስጥ መልሶ ይከትሃል፣ በእጥፍ። ዋት ማለት ማሞቂያው የሚበላው ጉልበት ነው። ስለ ጭጋጉ ስስነት ምንም አይነግርህም።

የዘይቱ ነገር ልቤን ለሁለት ይከፍለዋል። ኮምፕረሰሩ አየር ወደ ዘይቱ ይነፋል፣ ዘይቱም ሳይሞቅ ዓይን ወደማይለየው ጠብታ ይሰባበራል። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ቆንጆውን ጨረር የሚሰጥህ እሱ ነው። ጭጋጉ አየር ላይ ብዙ ይቆያል፣ ዘይቱም ቶሎ አያልቅም። ሪል ኢኤፍኤክስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሠራው ዲኤፍ-50 በፊልም ቀረጻ ቦታዎች ስሙ የሚነሳው በዚሁ ነው።

ላንተ ግን አልመርጠውም። ከአሜሪካ ከመጣ 120 ቮልት ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው፤ በቀጥታ ከሰካኸው በዚያው ቀን ትቀብረዋለህ። «ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ» ትለኝ ይሆናል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልሃል፣ የማይለውጠው ነገር ግን አለ። እዚያ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ እኛ ጋ 50። ብዙ የኮምፕረሰር ሞተሮች በዚህ የተነሳ ፍጥነታቸው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይወርዳል፣ ይግላሉም። ድምፁም አለ። ዘፋኙ ትዝታ ሲያንጎራጉር ከኋላው ኮምፕረሰር ሲያጉረመርም ደስ አይልም።

ከዚያ ዘይቱ ራሱ። ጠብታው ምንም ቢያንስ መውረዱ አይቀርም። ኪቦርዱ ላይ፣ የካሜራው ሌንስ ላይ፣ የመሲንቆው ጭራ ላይ ያርፋል። መሲንቆ ደግሞ ጭራ ከጭራ ካልተናከሰ ድምፅ የለውም። እኔ አንድ ጊዜ ደሴ ላይ የዘይት ማሽን ተወዛዋዦች የሚወጡበት ጥግ አስቀምጬ፣ ከልምምዱ እስከ ዝግጅቱ አራት ሰዓት ለቀቅኩት። ወለሉ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነበር። አንዱ ልጅ እስክስታውን እየመታ ሲገባ እግሩ ከዳው፤ ክራር መቺውን ይዞት ወደቀ። ሕዝቡ የጨዋታው አካል መስሎት አጨበጨበ። ሰው አልተጎዳም። የክራሩ ቀንበር ግን ተሰበረ፣ ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የዘይት ማሽን ባለበት መድረክ ጨርቅ ሳልይዝ አልሄድም።

ሦስተኛው ፌዘር የሚባለው ዓይነት ነው። የታይዋኑ ኩባንያ አንታሪ በዚሁ ስም የሚሸጠው አለው። አሠራሩ ከጭስ ማሽን ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ሊኪዱን በጥቂት በጥቂቱ መግፋቱና ፋኑ ጭሱን ገና ሲወጣ በአየር ማቅጠኑ ነው። እንደ ዘይቱ የሳሳ አይሆንም። ከአፍንጫው ፊት ሜትር ሁለት ሜትር ነጭ ነገር ታያለህ። እንደ ጀርመኑ ኩባንያ ሉክ ሶሉሽንስ «ዩኒክ» ያሉት፣ በውሃ ሊኪድ የሚሠሩ እውነተኛ ሄዘሮች ይበልጡታል፣ ዋጋቸው ግን ለጠባብ በጀት አይደለም። ለሰርግ አዳራሽ ፌዘር ይበቃሃል።

ስንት እንደሚያወጣ አልጽፍልህም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። ግን ሊኪዱን ሳታሰላ ማሽን አትግዛ። ሻጩን «1 ሊትር ስንት ሰዓት ይሄዳል?» በለው። ካላወቀ መመሪያው ላይ ፈልግ። ለምሳሌ በወር አራት ሰርግ ብትሠራና አንዱ አምስት ሰዓት ቢፈጅ 20 ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት አንድ ሊትር የሚጠጣ ማሽን 10 ሊትር ይፈልጋል። በአምስት ሰዓት አንድ ሊትር የሚጠጣው 4 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ በዓመት 72 ሊትር ነው። ማሽኑ ላይ የቆጠብካት ብር እዚያ ታልቃለች።

ሱቅ ውስጥ ሳታስሞክር ብር አትቁጠር። ይሰካልህ፣ እስኪሞቅ ጠብቅ። ከዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይሥራ። ብዙ ርካሽ ማሽን የመጀመሪያዋን ደቂቃ ጀግና ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እንደገና እስኪሞቅ። ሄዝ የሚባለው ሳያቋርጥ የሚወጣው ነው። አንድ ንጹሕ መስታወት ይዘህ ሂድና ከአፍንጫው አንድ ሜትር ላይ ያዝለት። ስስ እርጥበት ከሆነ ምንም አይደለም። የሚታይ ጠብታ ከዘራበት ግን ማሽኑ ሊኪዱን በደንብ አያተንም፣ እየተፋ ነው። እጅህን አፍንጫው ላይ አታድርግ፣ ያቃጥላል። ፓምፑንም ስማው። ሊኪድ ሲያልቅበት ድምፁ ይለወጣል፣ ይንጫጫል። ያንን ድምፅ እዚያው ልመደው፤ ሰርግ ላይ በሰማህ ቁጥር ሮጠህ አጥፋው፣ ደረቅ ፓምፕ ቶሎ ይሞታል።

አሁን ከማሽኑ እኩል ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ላይትህን የት ነው የምትሰቅለው? አመሻሽ ላይ ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ መጥተህ ታውቃለህ? ፀሐይ ፊትህ ናት። መንገዱ ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ወርቅ መስሎ ይታይሃል። በመስተዋት ወደኋላ ስታይ ግን ያው አየር ጥርት ያለ ነው። አቧራው አንድ ነው፣ የተለወጠው ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ብርሃኑን አብዝተው የሚበትኑት ወደፊት፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ አራቱን ቢም ከመድረኩ ኋላ ከፍ አድርገህ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሳቸው፣ ከራስ በላይ ያልፉ እንጂ ዓይን ውስጥ አይግቡ። ፓሮቹ ከፊትና ከጎን ፊት ያብሩ። ያን ጊዜ ያው ቢም በግማሽ ጭጋግ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አብዛኛው ልጅ ቢሙን ከፊት ተክሎ «ጭሱ አነሰ» እያለ ማሽኑን ያሰቃያል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ፋን ይሽከረከራል፣ ጭጋግህ ወደ ጊቢው ይወጣል። ደሴ ላይ ሰዉ በሩን ስለሚዘጋ በትንሹ ይሠራል። መጀመሪያ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እይ። ፌስታል ቀደህ በክር አንጠልጥል፣ ወዴት እንደሚያዘነብል ይነግርሃል። ማሽኑን አየሩ በሚገባበት በኩል አስቀምጠው። ሕዝቡ ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ጀምር፣ ከዚያ አሳንሰህ እንደሞላ ብቻ ጠብቀው። ሥራው ሜዳ ላይ ከሆነ ማሽኑን ተወው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ የሚያሸንፍ ማሽን በኪራይም አላገኘሁም።

ይህ እንግዲህ ያለህንም ማሽን ይመለከታል። ለመግዛት ከመሮጥህ በፊት የሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ሞክር። 900 ዋቱን ከመድረኩ ጀርባ ከጠረጴዛ ፋን ኋላ አድርገው። በየሁለት ሦስት ደቂቃው ለሁለት ሰከንድ ብቻ ልቀቅ፣ ፋኑ ይበትነው። ሙሽራዋ ላይ አታነጣጥር። ፌዘር የሚሠራውን ሥራ በእጅህ መሥራትህ ነው። አድካሚ ነው፣ ግን የጥር ሰርግ እስኪደርስ ገንዘብ ለማጠራቀም ጊዜ ይገዛልሃል።

መብራት ሲደክምም ማሽንህን ከመጠርጠርህ በፊት ሶኬቱን ለካ። የማሞቂያ ጉልበት የሚወርደው ከቮልቱ በፈጠነ መንገድ ነው። 220 ወደ 180 ሲወርድ ቮልቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አልቀነሰም። ማሞቂያው ግን አንድ ሦስተኛ ጉልበቱን ያጣል፤ 700 ዋቱ 470 ገደማ ሆነ ማለት ነው። ቀጭን ረጅም ኤክስቴንሽንም ይህንኑ ያደርግሃል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቀም። ከሳውንዱ መስመርም ለየው፤ ማሞቂያው በበራና በጠፋ ቁጥር ስፒከሩ ቋ ሲል የሚሰደበው ላይት ሠሪው ነው።

ሊኪድ ቤት ውስጥ አትቀምም። ከመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን ገዝቶ በቧንቧ ውሃ የሚበጠብጥ ልጅ አውቃለሁ። ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል አክሮሊን የሚባል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። የቧንቧ ውሃውም የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታየውን ነጭ ቅርፊት በማሽኑ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይጋግራል። ዘይትማ የሚሞቅ ማሽን ውስጥ ጨርሶ እንዳይገባ፣ እሳት ነው። አምራቹ ያዘዘውን ሊኪድ ብቻ። አስም ያለበት ሰው መኖሩንም ቀድመህ ጠይቅ፤ ዘፋኙ ጉሮሮዬ ደረቀ ካለህ አመል አይደለም፣ አሳንስለት።

አዳራሹ የጭስ ጠቋሚ ካለው አንተ በፌስታል አትሸፍነው። የአዳራሹን ኤሌክትሪሺያን ጥራው፤ እሱ ያጥፋው፣ እሱ ያብራው። እስከዚያ ድረስ እሳት የሚጠብቅ ሰው በስም ይመደብ።

ለማጽዳት ብዙ መመሪያዎች በየ40 ሰዓት ሥራው 80 እጅ የተጣራ ውሃና 20 እጅ ነጭ አቼቶ ቀላቅለህ በማሽኑ አስወጣ ይላሉ። ያንተ መመሪያ ሌላ ካለ ያንን ስማ። ይህ ለሚሞቀው እንጂ ለዘይቱ አይደለም። የተጣራ ውሃ የመኪና ባትሪ የሚሸጡበት ታገኛለህ፤ ጀሪካኑ ላይ አሲድ አለመሆኑን ሁለት ጊዜ አንብብ። ውጭ ሆነህ አስወጣው፣ ሽታው አይቻልም።

ደሴ ሥራ ሲገኝ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ከመውጣትህ በፊት የማሽኑን ታንክ ባዶ አድርገው። እኔ ሞልቼ ጭኜው፣ ጠመዝማዛው ላይ ሲያጋድል ሊኪዱ በሙሉ የሳውንድ ሚክሰሩ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። አሁን ሊኪዱን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ሹፌሩ እግር ሥር ነው የማስቀምጠው፤ እሱ ይቆጣል፣ ሚክሰሩ ግን ደህና ይደርሳል።