ኪስ ስለሚገባው ሽጉጥ፣ ሱቅ ለከፈተው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፌርፋክስ ካውንቲ ሱቅ ከፍተሃል። ማታ 5 ሰዓት ዘግተህ የቀኑን ገንዘብ ይዘህ ብቻህን ወደ መኪናህ ትሄዳለህ። ሽጉጥ ደብቀህ የመያዝ ፈቃድህን አውጥተሃል። አሁን የቀረህ ሽጉጡ ነው፤ "ኪስ የሚገባ ትንሽ ነገር ፈልጌ ነው፣ ሩገር ኤልሲፒ ማክስ ይሻላል ወይስ ሲግ ፒ365?" ብለሃል። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ሱቅ ይዤ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሦስት ትንንሽ ሽጉጦች ገዝቼ ሁለቱን ሸጬአለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት በመጠኗ ተማርኬ ነው። 380 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የምትጎርስ፣ ክብደቷ 300 ግራም የማይሞላ። ኪሴ ውስጥ መኖሯን እረሳው ነበር። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ስወስዳት ግን ሌላ ሆነች። ገና 20 ጥይት ሳልተኩስ አውራ ጣቴና መዳፌ መሃል ያለው ቆዳ ቀላ። አንድ ፓኮ ሳልጨርስ አቆምኩ።

እኛ አገር ቤት ማካሮቭ እያየን ነው ያደግነው። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ነው፤ ጥይቱም ከ380 ትንሽ ይበረታል። ግን ብረቱ ራሱ ምቱን ይውጥልሃል። ትንሿ የምትውጥበት ክብደት የላትም፤ ሁሉንም ለእጅህ ትሰጠዋለች። እጀታዋ ላይ የሚያርፉት ሁለት ጣቶችህ ብቻ ናቸው። ማነጣጠሪያዋም ያለች አትመስልም። ትንሽ ስለሆነች ለጀማሪ ትቀላለች የሚሉህን አትስማ። ትንሽ ሽጉጥ ብዙ ለተኮሰ ሰው ነው የሚሆነው።

ስለሚያመኝ መለማመድ ተውኩ። አንድ ዓመት ተኩል ሳልተኩስ ይዣት ዞርኩ። አንድ ቀን ጓደኛዬ ጎትቶ ወሰደኝና ሁለተኛው ጥይት ላይ ነከሰች፣ አልተኩስ አለች። ፈትተን ስናያት ውስጧ የኪስ ብናኝ ሞልቷል። ያን ሁሉ ሌሊት ተማምኜባት ስዘጋ የኖርኩት እንደዚያ ሆና ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ኤልሲፒ ማክስ 300 ግራም ገደማ ነው፤ 10 ጥይት በካዝናው፣ አንድ በአፉ ይይዛል። እውነተኛ የኪስ ሽጉጥ እሱ ነው። ፒ365 9 ሚሊሜትር ነው፣ እሱም 10 ሲደመር 1፤ ባዶውን 500 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሰፊ ኪስ ይገባል፣ ጂንስ ኪስ ግን አይሆንለትም። ሲተኮስ ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ነው። ፒ365 ላይ 100 ጥይት ተኩሰህ ነገም መመለስ ያምርሃል። አንተ ቀኑን ሙሉ ቆመህ የምትሠራ፣ ቀበቶ የምታስር ሰው ነህ። ስለዚህ የእኔ መልስ ፒ365 ነው፣ ኪስ ሳይሆን ወገብ ላይ፣ ሱሪ ውስጥ በሚገባ ማኅደር። እኔ ዛሬ የምይዘው እንደዚያ ነው።

ኪስ ካልሆነ ብለህ ከጸናህ ኤልሲፒ ማክስን፣ ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2024 ያወጣውን ቦዲጋርድ 2.0 እይ። ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ የሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚገባበትን ሽጉጥ፣ የሚወዱም አሉ። የስሚዝ 642 መዶሻው ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ኪስ ሲወጣ ጨርቅ አይዝም፤ የሚይዘው ግን 5 ጥይት ብቻ ነው፣ ምላጩም ጠንካራ ነው። የማቀባበል ጉልበት የሚቸግራችሁ እህቶችም ሆናችሁ አባቶች፣ ሱቅ ውስጥ ባዶውን ደጋግማችሁ ሳታቀባብሉ እንዳትገዙ።

በኪስ ከያዝክ የኪስ ማኅደር የግድ ነው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ስትመዝ ኪስ ውስጥ የሚቀር ይሁን። በዚያ ኪስ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ላይተር፣ ምንም አይገባም። ስትመልሰውም ማኅደሩን ከኪስ አውጥተህ፣ ሽጉጡን እዚያ ውስጥ ከተህ፣ ከዚያ አንድ ላይ ኪስህ ታስገባለህ። በየሳምንቱ ብናኙን ጥረግ። ደግሞ መኪና ውስጥ ቀበቶ አስረህ ተቀምጠህ፣ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠህ፣ ከሱሪ ኪስህ ለማውጣት ሞክር። ይሄን የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ወገብ ይዞራል።

የጃኬት ኪስን ነገር ለብቻው ልንገርህ። ልጄ 4 ዓመቷ ነበር። ማታ ስገባ ማስቲካ አመጣላት ነበር፣ በጃኬቴ ኪስ። አንድ ማታ ደክሞኝ ጃኬቴን ወንበር ላይ ጣል አድርጌ እጄን ልታጠብ ገባሁ። ስወጣ እጇ ኪሱ ውስጥ ነው። ማስቲካዋን ነበር የምትፈልገው። ሽጉጧ በሌላኛው ኪስ ነበረች። እግዚአብሔር አተረፈን፣ ሌላ ምንም ልል አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃኬት ውስጥ አስቀምጬ አላውቅም። ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ የማደርገው ቁጥር ተጭኜ የምከፍታት ትንሿ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነው፤ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። ልጆች እንዳሉህ አልጻፍክም። ባይኖሩህም እንግዳ ይመጣል። የሣጥኑን ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ደምረህ አስብ።

ስለ ሕጉ፣ ፈቃድ ቢኖርህም የሚረሱ ነገሮች አሉ። የቨርጂኒያ ፈቃድህ ሜሪላንድም ዲሲም አይሠራም። ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ዕቃ ልትጭን ስትሄድ ሽጉጡ ኪስህ ውስጥ ከሆነ ወንጀል ነው። እኛ ደግሞ ወደዚያ የሚያሻግረውን ድልድይ በቀን ሦስት ጊዜ የምንሻገር ሰዎች ነን። ክትፎ ቤት ገብተህም ሽጉጥ ደብቀህ ይዘህ ከሆነ አንድ ቢራ እንኳ አይፈቀድልህም። "አሳይቼ ላባርረው" የሚባል ነገር አታስብ፣ እሱም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሌባው ካሹን ከጠየቀህ ስጠው፤ ለገንዘብ ብለህ ልትተኩስ ሕጉ አይፈቅድልህም። አሁንም በግሪን ካርድ ያላችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ጉዳይ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ሊባረር ይችላል። በቪዛ ያላችሁ ጠበቃ ሳታማክሩ ሽጉጥ ሱቅ በር እንዳትረግጡ።

አሁን አትግዛ። ሽጉጥ የሚያከራይ ተኩስ መለማመጃ ፈልግ፣ በአካባቢያችን አለ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ተከራይተህ 50፣ 50 ጥይት ተኩስ፣ 7 ያርድ ላይ። የመጀመሪያዎቹን አትቁጠር፣ ሁሉም ሰው ትኩስ እያለ ይመታል። የመጨረሻዎቹን 10 ለየብቻ ወረቀት ላይ ተኩስና ሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን። አብረን እናያለን።