የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሻግቷል፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ታስላለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች በሚከራይ የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት። ከገባን ጀምሮ የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ይረጥባል። ጥጉ ጠቁሯል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ልስኑ ይረግፋል፣ ልብሳችን ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የ4 ዓመት ልጄ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፣ አንዳንዴም ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ዘመድ ቤት ስታድር ግን ይሻላታል። አብራን የምትኖረው እናቴም ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ለቤቶች አስተዳደሩ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ መልሳቸው «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» የሚል ነው። በበረኪና አጥባለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። ሳሉ ከሻጋታው ነው? ጥቁር ሻጋታ መርዝ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ቤት ለመቀየር አቅም የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «ዘመድ ቤት ስታድር ይሻላታል» ያሉት ነው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ መጀመሪያ ይህንኑ ይናገሩ። የልጅ ሳል መነሻው ብዙ ነው። ሌሊት የሚብስ፣ ሲር ሲር የሚል፣ ከቤት ሲወጡ ተሽሎ ሲመለሱ የሚያገረሽ ሳል ግን አስምን ያስጠረጥራል፣ የሚቀሰቅሰው ነገርም ቤቱ ውስጥ እንዳለ ያመለክታል። ሳላያት በሽታዋ ይህ ነው ልልዎት አልችልም። ጥርጣሬዎ ግን ተገቢ ነው።

ሻጋታ እርጥብ ቦታ ላይ ሲያድግ በዓይን የማይታዩ ስፖር የሚባሉ የመራቢያ ብናኞችን አየር ላይ ይበትናል። እነሱ ሲተነፈሱ የአንዳንዱን ሰው የአየር ቧንቧ ያስቆጣሉ፣ ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል፣ አክታ ይሞላዋል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ አየሩ በጠበበው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማ ነው። ጥፋቱ የሻጋታው ብቻም አይደለም። እርጥብ ቤት ውስጥ ባክቴሪያም ይራባል፣ በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ የአቧራ ተባዮችም እርጥበት ይስማማቸዋል፤ እነሱም አስም ይቀሰቅሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ መኖር ከመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ከአለርጂና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ አስፍሯል። ስለዚህ እርጥበቱ የጤና ጉዳይ ነው ብለው ሲናገሩ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ጥቁር ሻጋታን በተመለከተ፣ ቀለሙ አደገኛነቱን አይነግረንም። ጥቁር የሆኑ የሻጋታ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ አረንጓዴውም ነጩም ልጅዎን ሊያስላት ይችላል። ዓይነቱን ለማወቅ ብለው ለምርመራ ገንዘብ አያውጡ፤ የትኛውም ይሁን መፍትሔው አንድ ነው፣ መወገድና የእርጥበቱ ምንጭ መዘጋት። በጣም የምንሰጋላቸው ሰዎች ግን አሉ። ጨቅላ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የሰውነት አካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ በሌላም ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች። የእነዚህን የመጨረሻዎቹን ሳንባ አስፐርጂለስ የተባለው ሻጋታ ራሱ ሊያጠቃ ይችላል፤ እነሱ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ባያድሩ ይመረጣል።

አሁን ወደ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» ልምጣ፤ ይህ መልስ ያናድደኛል። ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰውን ዝም የሚያሰኘው። ቤት ውስጥ ስንተነፍስ፣ ስናበስል፣ ገላችንን ስንታጠብ፣ ልብስ ስናሰጣ ውሃ አየሩ ውስጥ ይገባል። አየሩ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃው እዚያው ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ እርጥበት በአብዛኛው መስኮት ላይ፣ ጥግ ላይ፣ አየር በማይደርስበት ከዕቃ ጀርባ ይታያል፤ እሱን አየር ማስገባት በእርግጥ ይቀንሰዋል። ግን ሌሎች ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንዱ ከመሬት ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ድረስ የውሃ መስመር የመሰለ ምልክትና ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ይተዋል። ሌላው ከጣሪያ፣ ከተበላሸ አሸንዳ፣ ከተሰነጠቀ ግድግዳ ወይም ከሚያፈስ ቧንቧ የሚሰርግ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ሲሰፋ ያዩታል። እነዚህን ሁለቱን ቀኑን ሙሉ መስኮት ከፍተው ቢውሉ አያደርቋቸውም። የእርስዎ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ልስኑም ይረግፋል። ልስን የሚያረግፍ እርጥበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ነው፤ ይህን የሚጠግነው የቤቱ ባለቤት እንጂ ተከራይ አይደለም።

ራስዎ የሚያደርጉት ቀላል ሙከራ አለ። የግድግዳውን ገጽ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ይለጥፉበትና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥብቅ አድርገው ይዝጉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይዩት። ውሃው በፎይሉ ፊት፣ ማለትም በክፍሉ በኩል ካለ ከአየር የመጣ ጤዛ ነው። ከፎይሉ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ካለ ግን ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው። ሁለቱም በኩል ሊረጥብ ይችላል፣ ያኔ ችግሩ ድርብ ነው። ፎይሉን ከማንሣትዎ በፊትም ካነሡት በኋላም ፎቶ ያንሡት፤ ወደፊት ይጠቅምዎታል።

ስለ በረኪናው። ምንጩ ሳይዘጋ ሻጋታ ማጠብ ቧንቧ ሳይዘጉ ወለል እንደ መወልወል ነው፤ ስለዚህ ተመልሶ መምጣቱ የእርስዎ ስንፍና አይደለም። ማጽዳቱ ግን ለጊዜው ልጅቱን ያሳርፋታል፣ አይተዉት። የሻገተው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ገደማ ካልበለጠ ራስዎ ሊያጸዱት ይችላሉ። ከዚያ ከሰፋ የባለሙያ ሥራ ነው። ጓንትና ጥሩ ማስክ ያድርጉ፣ ዓይንዎን ይሸፍኑ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ በሩን ይዝጉ። ልጅቱና እናትዎ በዚያ ሰዓት ከቤት ቢወጡ ጥሩ ነው። ደረቁን ሻጋታ በብሩሽ አይፈግፍጉት፤ ስፖሩን አየር ላይ ይበትኑታል። እርጥብ አድርገው ያጽዱት። ጠንካራ ለሆነ ገጽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ውሃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በረኪና የግድ ከተጠቀሙ ለ1 ሊትር ውሃ ከ60 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት! በረኪና አሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፤ አስም ላለባት ልጅ ሽታው ብቻ እንኳ ሊቀሰቅስባት ይችላል። ካጸዱ በኋላ በደንብ ያድርቁት። ሻጋታ ላይ ቀለም አይቀቡ፣ ከሥር ማደጉን ይቀጥላል። የሻገተ ፍራሽና ምንጣፍ ደግሞ ታጥቦ አይጠራም፤ ከተቻለ መጣል አለበት።

ጥገናው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዋጋ ያለው እርምጃ የልጅቱን መኝታ መቀየር ነው። ደረቅ የሆነ ሌላ ክፍል ካለ፣ ሳሎንም ቢሆን፣ እዚያ ትተኛ። ሌላ ክፍል ከሌለ አልጋዋን ከውጭ ግድግዳ ያርቁት። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ፈቀቅ ያድርጉት፣ አየር ይዙርበት። ሲያበስሉ ድስቱን ይክደኑ፣ የኩሽናውን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ፤ ከመታጠብ በኋላም እንዲሁ። ልብስ ከተቻለ ውጭ ይሰጣ፤ አንድ ዙር የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ወደ 2 ሊትር ውሃ አየሩ ውስጥ ሊለቅ ይችላል። የእርጥበት መለኪያ ማግኘት ከቻሉ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ይጣሩ፣ ከ30 እስከ 50 ያለው ይመረጣል። ቤት ውስጥ ማንም አያጭስ። ግድግዳ ለማድረቅ ብለው ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሰል አያንድዱ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ተኝታችሁ ሳለ ሊገድላችሁ ይችላል። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ምድጃም ራሱ እርጥበት ይጨምራል።

ልጅቱን በዚህ ሳምንት ያሳዩአት። ሐኪሙ ደረቷን ያዳምጣል፣ በቤተሰብ አስም ወይም አለርጂ እንዳለ ይጠይቃል። በዚህ ዕድሜ የሳንባ አቅም በትንፋሽ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በምልክቱና መድኃኒት ሲሰጣት በምታሳየው ለውጥ ነው የሚወሰነው። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ክብደት ከቀነሰች፣ ትኩሳት ካላት ወይም ሌሊት ካላባት የሳንባ ነቀርሳም መታየት አለበት፤ ሁሉንም በግድግዳው ማሳበብ የለብንም። አስም ከሆነ በኢንሄለር (በአፍ በሚሳብ መንፊያ) የሚሰጥ መድኃኒት ይታዘዝላታል፣ ለዕድሜዋ ስፔሰር ከሚባለው መሳቢያ ጋር። አንዳንድ እናቶች ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል ብለው ይፈራሉ። አያስይዝም። በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ከታዘዘላት ሲሻላት አያቋርጡባት፤ የተሻላት መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሳል አንቲባዮቲክ በራስዎ ገዝተው አይስጧት።

እነዚህን ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፦ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ትንፋሽ አጥሯት ማውራት ወይም መጠጣት ካቃታት፣ ከደነዘዘች፣ ወይም ኢንሄለሩ ካልረዳት። ትንፋሽዋንም መቁጠር ይልመዱ። ተረጋግታ ሳለች ሙሉ አንድ ደቂቃ የደረቷን ከፍና ዝቅ ማለት ይቁጠሩ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ለሳንባ ምች መታየት አለበት።

እናትዎን ለብቻ ያሳክሟቸው። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ከሻጋታው ሊሆን ይችላል፣ ግን ከልብ ድካም፣ ከደም ማነስ ወይም ከሌላ የሳንባ ሕመምም ይመጣል። ቀዝቃዛ ቤት ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ከቤቶች አስተዳደሩ ጋር ያለውን ነገር በቃል መጨረስ ያቁሙ። በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቅጂውን ያስቀሩ፣ የተቀበለዎትን ሰው ስምና ቀን ይጻፉ። ፎቶዎቹን፣ የፎይሉን ሙከራ ውጤት፣ ልጅቱ የታመመችባቸውንና ሐኪም ቤት የሄደችባቸውን ቀናት ያያይዙ። ከሐኪሙም ደብዳቤ ይጠይቁ። እኛ ሐኪሞች ግድግዳ መጠገን አንችልም፤ ነገር ግን ሕመሟ ምን እንደሆነ፣ ከቤት ስትወጣ እንደሚሻላት፣ እርጥበቱ እንደሚያባብስባት፣ ጥገና ወይም የቤት ለውጥ ለጤናዋ እንደሚያስፈልግ መጻፍ እንችላለን። እንዲህ ያለ ደብዳቤ «እባካችሁ ጥገና» ከሚል ማመልከቻ ይልቅ ይሰማል። «ልጄ ታማለች» የሚለውንም በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉት፣ መጨረሻ ላይ አይተዉት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ተከራዮች በተሠራ ቤት ውስጥ ይኖር የነበረ አዋብ ኢሻቅ የሚባል የ2 ዓመት ሕፃን በ2020 እ.ኤ.አ. ሞተ። አባቱ ስለ ሻጋታው ማመልከት የጀመሩት በ2017 ነበር፤ የተሰጣቸው ምክር ቀለም ቀቡበት የሚል ነው። በ2022 የሞቱን መንስኤ ያጣራው ችሎት ሕፃኑ የሞተው ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በደረሰበት ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ በኋላ በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጥቶ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚያከራዩ አካላት አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግዱ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታን ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግዴታ ሆኖባቸዋል። እንዲህ ያለው ሞት እጅግ ጥቂት ነው፣ ልጅዎም እንዲያ ትሆናለች ማለቴ አይደለም። ግን በሚኖሩበት አገር ተመሳሳይ ደንብ ካለ ይጠይቁ፤ ቤቶች አስተዳደሩ ካልመለሰልዎ ከእሱ በላይ ያለውን የአቤቱታ ክፍል፣ የጤና ተቆጣጣሪውን ወይም ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎችን ያነጋግሩ። ጎረቤቶችዎ ቤትም ግድግዳው ከረጠበ አብራችሁ ፈርሙ፤ አንድ ሕንፃ ሙሉ «መስኮት አይከፍትም» ሊባል አይችልም።

ለምርመራ ሲሄዱ የግድግዳውን ፎቶ በስልክዎ ይያዙ። ሌሊት ስታስልና ሲር ሲር ስትልም ድምፁን ይቅዱት፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሳሏ ቆሞ ሊገኝ ስለሚችል ያ ቅጂ በጣም ይረዳናል። ደብዳቤውን ደግሞ ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ይጠይቁ።