መርዙ ዶፓሚን ሴሎችን ብቻ ለምን ይገድላል? ለቀረበው ጥያቄ ከልምዴ

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። በእንስሳት ላይ ፓርኪንሰንን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ) ለማስመሰል የሚሰጡት መርዞች ዶፓሚን ሴሎችን፣ ማለትም ዶፓሚን በተባለ ኬሚካል መልእክት የሚያስተላልፉትን የአንጎል ሴሎች፣ ለይተው የሚገድሉት እንዴት ነው? ለመመረቂያ ሥራሽስ የትኛው ይሻልሻል? እኔ እዚህ ሥራ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ቆይቻለሁ፤ የተሳሳትኩትም ብዙ ስለሆነ ትንሽ ላውራሽ።

መርዙ አይመርጥም፤ በሩን ከፍቶ የሚያስገባው ራሱ ሴሉ ነው። ዶፓሚን ሴል የለቀቀውን ዶፓሚን መልሶ የሚሰበስብበት ትራንስፖርተር የሚባል በር አለው። ከመርዞቹ አንዱ የሆነው 6-ሃይድሮክሲዶፓሚን ዶፓሚንን በጣም ስለሚመስል ትራንስፖርተሩ የራሱ ሰው መስሎት ያስገባዋል። ውስጥ ሲገባ ኦክሳይድ ይሆንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ኪኖን የሚባል አደገኛ ነገርም ይፈጥራል። ኖርአድሬናሊን በተባለ ሌላ ኬሚካል የሚሠሩ ሴሎችም ለዚሁ መርዝ የሚከፈት በር ስላላቸው አብረው ይሞታሉ። ከመርፌው በፊት ዴሲፕራሚን የሚባል መድኃኒት የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ የእነሱን በር ይዘጋል።

ይህ መርዝ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ የራስ ቅሉን በስተን በቀጭን መርፌ እዚያው አንጎል ውስጥ እንሰጣለን፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ። በሁለቱም ጎን ከሰጠሽ እንስሳዋ መብላትም መጠጣትም ታቆማለች።

አሁን እኔን ጉድ ያደረገኝን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሰሞን መርዙን ጠዋት በጥብጬ ቀኑን ሙሉ ከዚያው እየቀዳሁ ወጋሁ። አንድ ጎኑ የተጎዳ እንስሳ አምፌታሚን የሚባል አነቃቂ መድኃኒት ሲሰጠው ይሽከረከራል። ከሳምንታት በኋላ ያንን ሰጥቼ ዙራቸውን ስቆጥር ጠዋት የተወጉት ራቶች (ትላልቅ አይጦች) እንደ እንዝርት ይሽከረከራሉ፣ ከሰዓት የተወጉት ግን ዝም። «ሴሎቹ አገግመው ይሆናል» ብዬ ትልቅ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር! የእነዚህን የከሰዓቶቹን አንጎል ቆርጠን ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝን (ዶፓሚን ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም፤ ሴሉ ካለ ቡናማ ይሆናል) ስናቀልም የግራውም የቀኙም ጎን እኩል ቡናማ ሆኖ ወጣ። የሞተ ሴል ከመነሻውም አልነበረም። የብልቃጡ ውሃ መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ኋላ ቡናማ መሆኑን አይቼ ነበር፤ ግን ልብ አላልኩትም። መርዙ ሴሉ ጋ ሳይደርስ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ኦክሳይድ ሆኖ አልቋል። ሴሉን የሚገድልበት ኬሚስትሪ ራሱን መርዙንም ያበላሸዋል። ከዚያ ወዲህ አስኮርቢክ አሲድ ባለው ጨዋማ ውሃ ጥቂት ጥቂት እበጠብጣለሁ፣ በረዶ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ብርሃን አላሳየውም። ቀለሙ ከተቀየረ ወዲያው እደፋዋለሁ።

ስለ መሽከርከሩም አንድ ነገር። አምፌታሚን ከጤነኛው ጎን ዶፓሚን ስለሚያስለቅቅ እንስሳዋ ወደተጎዳው ጎን ትዞራለች። አፖሞርፊን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ግን ራሱ ተቀባዮቹን (ዶፓሚን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች) ይነካል፤ በተጎዳው ጎን ደግሞ ተቀባዮቹ ዶፓሚን ተርበው ለትንሽ ነገር እንኳ እጅግ ንቁ ሆነዋል። ስለዚህ ወደ ጤነኛው ጎን ትዞራለች። ይህን የማያውቅ ሰው ውጤቱን ገልብጦ ያነበዋል፤ አይቻለሁ።

ኤምፒቲፒ የሚባለው ሁለተኛው መርዝ ሌላ ታሪክ ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐሰተኛ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ እንደ ሐውልት ደርቀው ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ ጥፋተኛው ኤምፒቲፒ መሆኑን በ1983 አሳወቁ። ኤምፒቲፒ ራሱ በቀላሉ አንጎል ይገባል። እዚያ አስትሮሳይት በሚባሉ የነርቭ ሴሎች ረዳት ሴሎች ውስጥ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ቢ የተባለው ኢንዛይም ዋናውን መርዝ፣ ኤምፒፒ ፕላስን፣ ያወጣዋል። ያ ደግሞ በዚያው በዶፓሚን በር ገብቶ የሚቶኮንድሪያን (የሴሉን የጉልበት ማመንጫ) ኮምፕሌክስ አንድ የተባለ ክፍል ይዘጋል፤ ሴሉ ጉልበት ያጣል። ኢንዛይሙን ሴሌጂሊን በተባለ መድኃኒት ከዘጋሽው እንስሳው ይተርፋል። ራት ይህን መርዝ ብዙም አይሰማውም። ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉት ጥቁር ማውሶች (ትናንሽ አይጦች) ግን ይጎዳሉ፣ ጦጣ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ለሠራተኛውም ቀልድ አይደለም፤ ልምድ ያለው ሰው አጠገብሽ ሳይኖር አትንኪው።

ሮቴኖን የሚባለው ሦስተኛው መርዝ በር አይፈልግም፤ ስብ ወዳድ ስለሆነ የትኛውም ሴል ውስጥ ይገባል። ሆኖም በ2000 የወጣ የተመራማሪው የግሪናማየር ቡድን ጥናት እንዳሳየው ይበልጥ የሚወድቁት ዶፓሚን ሴሎቹ ናቸው፣ የአልፋ ሲኑክሊን (በፓርኪንሰን ሴሎች ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን) ክምችትም ይታያል። ይህ የሚነግርሽ ከበሩ ሌላ ሴሎቹ ራሳቸው ስስ መሆናቸውን ነው። ያለ ዕረፍት የኤሌክትሪክ ምልክት ይተኩሳሉ፣ ካልሲየም ይገባባቸዋል፣ አክሰናቸው (ከሴሉ የሚወጣው ረጅም ክር) በጣም የተንዘራፋ ስለሆነ ብዙ ጉልበት ይበላል። ችግሩ፣ የሮቴኖን ውጤት ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፣ ሞቱም ብዙ ነው።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን 6-ሃይድሮክሲዶፓሚንን ስትራያተም (የእነዚህ ሴሎች አክሰን ጫፎች የሚደርሱበት የአንጎል ክፍል) ላይ እሰጣለሁ። እዚያ ሲሰጥ ጉዳቱ ከአክሰኑ ጫፍ ወደ ሴሉ አካል በሳምንታት እየተጓዘ ስለሚሄድ፣ መድኃኒት የምትሞክሪ ከሆነ ለማዳን ጊዜ ታገኛለሽ። በቀጥታ ከሴሉ አካል ወይም አክሰኖቹ ተጠቃለው ከሚያልፉበት የነርቭ እሽግ ላይ ከሰጠሽ ግን በቀናት ያልቃል፤ የምታድኚው ነገር አይቀርም። መድኃኒትሽን ከመርዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትሰጪው? እሱን ጻፊልኝ። በፊት ከሆነ ትራንስፖርተሩን ራሱን እንደማይዘጋ ማጣራት አለብሽ፤ አለዚያ ሴሉ የተረፈው መርዙ ስላልገባ ብቻ ሊሆን ይችላል።