አገገመ፣ ተሻለው ወይስ አንሰራራ?

ጥያቄ፦ ከሕመም ፈቃድ ስለተመለሰ ባልደረባችን ለአስተዳደር ደብዳቤ ስንጽፍ ተከራከርን። አንዱ «ሕመሙ አገግሟል»፣ ሌላው «አንሰራርቷል» ይላል፤ እኔ «ሕመሙ ተሻለ» ይበቃል ባይ ነኝ። የቱ ነው ትክክል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የሚያገግመው ታማሚው እንጂ ሕመሙ ስላልሆነ «ባልደረባችን ከሕመሙ አገግሟል» ብላችሁ ጻፉ። ከአልጋው ቢነሳም ጉልበቱ ገና ካልተመለሰ «እያገገመ ነው»፣ ጨርሶ ከተፈወሰ «ድኗል» ነው የሚባለው። ደብዳቤው ላይ ይህን አታደበላልቁ፤ «ድኗል» የሚል ወረቀት ያየ አለቃ በማግስቱ ከባድ ሥራ ቢሰጠው አይፈረድበትም።

የእርስዎ «ተሻለ» የጎደለው አንድ ፊደል ነው፦ «ሕመሙ ተሻለው»። ለራስ ሲሆን «ተሻለኝ»፣ ለሴት «ተሻላት» እንላለን። ያለዚህ ቅጥያ «ከዚያ ይሄ ተሻለ» እንደሚባለው ማወዳደሪያ ይመስላል።

«አንሰራራ» የሚያምረው ሊጠፋ ተቃርቦ ቀና ላለ ነገር ነው። ዝናብ ዘግይቶበት ቅጠሉ የተጠቀለለ የቃሉ ወረዳ ማሽላ ደህና ዝናብ ሲያገኝ ያንሰራራል፤ የተዳከመ ንግድም እንዲሁ። ለክፉ ነገርም ያገለግላል፦ «ወረርሽኙ እንዳያንሰራራ»። ለሦስት ቀን ጉንፋን ግን ይበዛል።

በሽታው ራሱ ሲመለስ «አገረሸበት» ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚነሳ፣ አዲስ ትንኝ ሳይነድፈውም ሰውየው ሊያገረሽበት ይችላል። በሌላ ንድፊያ ከመጣ «እንደገና ያዘው» ማለት ይሻላል።

ቁስል ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ «ጠገገ»፣ ፈጽሞ ሲድን «ሻረ» ይባላል። ላዩ ጠግጎ ውስጡ የሚያመረቅዝ ቁስል ስላለ፣ የጤና ባለሙያ ሁለቱን ለይቶ ቢጽፍ ለታካሚው ይበጃል። ወሎ ውስጥ ታማሚ ሲጠየቅ የምንሰማው «አላህ ያሽርህ» የመጣው ከዚሁ «ሻረ» ነው።

ጥያቄ፦ ጦሳ ተራራ ሥር የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲበቅልስ «አንሰራራ» ይባላል? (ከደሴ)

መልስ፦ «አቆጠቆጠ» ይበሉ። የጠወለገው ተክል ራሱ መልሶ ሲለመልም አንሰራራ፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ አቆጠቆጠ።