«ሱፐርቪዥን መጣ» ሲባል ለምን እንደነግጣለን? ከአንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። 21 ዓመት ሠርቻለሁ። ያለፉትን ዘጠኝ ዓመታት ያሳለፍኩት በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው። አሁን ታካሚ ማየቱን ቀነስ አድርጌ ካውንስለሮችን (የምክር ባለሙያዎችን)፣ ሶሻል ወርከሮችን (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችን) እና ቤት ለቤት የሚሄዱ ሠራተኞችን እደግፋለሁ። «ዛሬ ስለ ታካሚ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የሰውም የድርጅትም ስም አስቀርቼ እነሆ።

ሲስተር፣ ሰሞኑን ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ምንም አይሰማኝም። ድሮ አብሬ ነበር የማለቅሰው። ታምሜ ይሆን? (ካውንስለር፣ ከአያት)

ዝለሻል እንጂ ታመሻል ለማለት ይቸግረኛል። የዓለም ጤና ድርጅት «በርንአውት» የምንለውን የሥራ ዝለት በ11ኛው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ያስገባው ግን በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ነገር ብሎ ነው። መዝገቡ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሦስት ምልክቶች ይጠቅሳል። አንዱ አቅም ማለቅ ነው። ሌላው ከሥራው በልብ መራቅ። ሦስተኛው «ምን ሠራሁ?» የሚል ስሜት ነው። ያንቺ መሃለኛው ይመስለኛል።

እዚያ መዝገብ ላይ የምወደው ቃል አለ። ዝለት የሚመጣው «በአግባቡ ካልተያዘ» የቆየ የሥራ ጫና ነው ይላል። ጫናውን መያዝ የነበረበት ማን ነው? አንቺ ብቻሽን? አይመስለኝም።

ግን እንቅልፍ ካጣሽ፣ ቤትሽም ምንም ካላስደሰተሽ፣ መኖር ካስጠላሽ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያኔ እንደማንኛውም ሰው ካርድ አውጥተሽ ታዪ። እኛ ካርድ ማውጣት እናፍራለን። የሚያክመን የክፍል ጓደኛችን ነዋ! ሰው ወደማያውቅሽ ሆስፒታል ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ?

ድርጅታችን በየሦስት ወሩ ሱፐርቪዥን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ግን የባሰ እደክማለሁ። ለምንድን ነው? (ሶሻል ወርከር፣ ከገላን)

የመጡልሽ ተቆጣጣሪዎች ስለሆኑ ነዋ። እኛ ዘንድ ቃሉ ተበላሽቷል። «ሱፐርቪዥን መጣ» ሲባል ምን እናደርጋለን? ፋይል እንደረድራለን። ያልተፈረመ ፎርም እናሳድዳለን። ጋውን እናጥባለን። መኪና ይመጣል፣ ሦስት ሰው ይወርዳል፣ ቼክሊስት ይሞላል፣ «ክፍተቶች» ይነበባሉ፣ ምሳ ይበላል፣ ይኬዳል። አያስፈልግም አላልኩም። መድኃኒቱን የሚቆጥር ሰው መኖር አለበት። ሠራተኛውን ግን አይደግፈውም።

እኔ የምለው ሱፐርቪዥን ሌላ ነው። ልምድ ያለው ሰው አጠገብሽ ይቀመጣል። የከበደሽን አንድ ኬዝ፣ ማለትም የአንድ ታካሚ ጉዳይ፣ ትነግሪዋለሽ። «ምን አደረግሽ?» ይልሻል። ቀጥሎ «ያን ቀን ማታ ቤትሽ ስትገቢስ እንዴት ነበርሽ?» ይልሻል። አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው።

ኤምኤችጋፕ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ብዙዎቻችሁ ሰልጥናችኋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተጀመረው። ሳይካትሪስት በሌለበት ቦታ ነርሱና ጤና መኮንኑ የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክሙ ያደርጋል። ግሩም ሐሳብ ነው። ግን ፕሮግራሙ ራሱ ስልጠና ብቻውን አይበቃም፣ ተከታታይ ድጋፍ ይፈልጋል ይላል። እኛ ጋ ስልጠናው ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ የሰለጠነው ነርስ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ብቻውን ይቀራል። የመጀመሪያው የሚጮህ ታካሚ ሲመጣ «ወደ አማኑኤል ሪፈር» ብሎ ይጽፋል። አልፈርድበትም፣ እኔም ጽፌያለሁ። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ፣ ታክሲ እየቀያየረ፣ የተረበሸ ልጁን ይዞ መርካቶ ድረስ የሄደ ቤተሰብ ግን ያቺ ወረቀት ስንት እንደምታስከፍል ያውቃል።

ድርጅቱ እስኪነቃ መጠበቅ ስለሰለቸን እኛ ሰፈር «የኬዝ ዕቁብ» ጀመርን። ሐሙስ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ነው። ገንዘብ አይጣልም፣ ዕጣ ግን ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሰው የከበደውን አንድ ኬዝ ያወራል። ሌላው ያዳምጣል። ሁለት ሕግ አለን። አንደኛ፣ ስም አይጠራም፣ የብሎክ ቁጥርም አይጠራም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ብሎክ እንትን፣ አራተኛ ፎቅ» ካልክ ስሙን ጠርተኸዋል። ሁለተኛ፣ «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ የጀመረ ይቀጣል። ቅጣቱ የሚቀጥለውን ሳምንት ስኳር መግዛት ነው። እስካሁን ብዙ ስኳር የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት የተከታተልኩት ልጅ ራሱን አጠፋ። ለቅሶ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? (ካውንስለር፣ ከቡራዩ በኩል)

ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናሽ። ለአንቺም ማለቴ ነው፣ አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ።

እኔም ደርሶብኛል። ወጣት ነበር። ያኔ የምሠራበት ቦታ መጀመሪያ ያለኝ «ፋይሉን አምጪ» ነው። አንቺስ እንዴት ነሽ ያለኝ የለም። ፋይሉን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ «ደህና ነኝ ይላል» ብዬ ጽፌያለሁ። በራሴ እጅ የጻፍኳትን ያቺን መስመር ስንት ዓመት ተሸክሜ እንደዞርኩ እኔ አውቃለሁ።

ለቅሶው ቤት ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ መመለስ ፈልጌ ነበር። እናትየው አይታኝ ተነሣች። «ገደልሽው» የምትለኝ መስሎኝ እግሬ ተንቀጠቀጠ። አቀፈችኝና «ስሙን ጠርተሽ ታናግሪው ነበር» አለች። ሰፈሩ «እብዱ» ነበር የሚለው።

ስለዚህ ብትሄጂ ይሻላል እላለሁ። መጀመሪያ ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጠይቂ። እንዲህ ባለ ሞት ቤተሰብ ምክንያቱን መሸሸግ ሊፈልግ ይችላል፣ የፍትሐቱ ነገር አለ፣ የጎረቤት አፍ አለ። አንቺ ስትገቢ ምስጢሩ አብሮሽ እንዳይገባ። ማነሽ ካሉሽ «እንተዋወቅ ነበር» በቂ ነው። ብቻሽን አትሂጂ፣ የሥራ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ፣ ንፍሮውን ቀምሰሽ ውጪ።

አለቃሽ ይህን ካነበበ ደግሞ፣ በዚያው ሳምንት ሌላ ከባድ ኬዝ አይስጥሽ። ፋይሉ ይመረመር፣ ግድ ነው። ግን ቀን ይለፈው። ምርመራውም «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ሁላችን ምን አመለጠን?» ይሁን።

ሐሳቡ ወደ ራስሽ ከዞረ፣ ማለትም እኔም ብሞት የሚል ነገር ብልጭ ካለብሽ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ነገ አትበይ።

የምሠራው በግል የሱስ ማገገሚያ ውስጥ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ሌሊት እሠራለሁ። ስለ ክፍያ ስናነሳ «የጽድቅ ሥራ ነው» ይሉናል። (ከሰበታ መንገድ)

ጽድቁ ላንተ፣ ገንዘቡ ለእነሱ? ጥሩ ክፍፍል ነው።

የግል ማዕከል እስከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ይመለከትሃል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም አለው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ። ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ 1.75 እጥፍ። በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ። በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል።

ይህን ይዘህ ጠብ አታንሣ። መጀመሪያ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ለአንድ ወር በደብተር ጻፍ። ደብተር ያለው ሰው ሲናገር ይሰማል። የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለምትተዳደሩ ይህን ይዛችሁ አለቃችሁ ዘንድ እንዳትሄዱ።

ሌሊት ተረኛ ስሆን እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ጫት እይዛለሁ። ችግር አለው?

ቀን ላይ ለታካሚ ምን ብለህ እንደምትመክር አስታውስ። መልሱን ታውቀዋለህ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ተከታታይ አዳር እየመደበ በጫት የሚያቆምህ የተራ ሰሌዳ ነው።

እኔ ሙያተኛ አይደለሁም፣ የማዕከሉ ጥበቃ ነኝ። ታካሚ ሲነሣበት «ያዘው» የምባለው እኔ ነኝ። ስልጠና ሲኖር ግን አልጠራም። ባለፈው ክንዴን ተጎዳሁ።

ጋሼ፣ ከሁሉም ጥያቄ ያሳፈረኝ የእርስዎ ነው። ስለ ሠራተኛ ድጋፍ ስናወራ ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና ምግብ አብሳይዋን እንረሳለን። ታካሚው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚያወራው ከእርስዎ ጋር ነው። እኛ ተኝተናል።

መጀመሪያ ክንድዎ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ካልቻሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ቢያንስ ግማሹን ያገኛሉ። የሐኪም ማስረጃ ይያዙ። አደጋው የደረሰበት ቀን መዝገብ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጡ።

ቀጥሎ እስኪያሰለጥኑዎት ድረስ እነዚህን ይያዙልኝ። ብቻዎን አይጠጉ። በሩን አይዝጉበት፣ መውጫ ያጣ ሰው ነው የሚማታው። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቁሙ። ዱላውን ያስቀምጡት። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። አጭር አጭር ይናገሩ፣ «ውሃ ላምጣልህ?» ከብዙ ምክር ይሻላል። ዙሪያውን የከበበውን ተመልካች ይበትኑ። ይህን ከስልጠና አላገኘሁትም። ያሳየኝ አማኑኤል ተማሪ ሆኜ ስለማመድ ያገኘሁት አንድ አዛውንት ጥበቃ ነው።

ሶሻል ወርክ ተመርቄያለሁ ስል «አሃ፣ እርዳታ የምታድይው» ይሉኛል። ቤተሰቤም ሙያዬ አልገባውም።

ሙያው ራሱ ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ ጋር ተዘግቶ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቷል። የተከፈተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ትውልድ ሶሻል ወርከር ሳያይ አድጓል። እናትሽ ባይገባቸው አትዘኚ። አለቃሽ ዱቄት ብቻ እንድታድይ ሲያደርግሽ ግን ዝም አትበይ።

እኔ አለቃ ነኝ። ትንሽ ድርጅት ነው የምመራው። እርዳታው ቀንሷል፣ ኑሮው ተወዷል። ልጆቹ እየለቀቁብኝ ነው። በጀት የለኝም፣ ምን ላድርግ? (ከለገጣፎ)

እውነትዎን ነው። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች በአንድ ጀንበር ሥራ አጥተዋል። ብር የለም ሲሉኝ አምናለሁ።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ግን አድርገዋል? ደመወዝ ቀኑን ሳያሳልፍ ይገባል? እሑድ ላይ «ሪፖርት ላኪ» ብለው ይደውላሉ? ልጅቷ ከለገጣፎ እስከ ጣፎ ውስጥ ለውስጥ የምትሄድበትን የባጃጅ ሒሳብና የሞባይል ካርድ ከኪሷ ነው የምታወጣው? ሰው የሚለቀው በደመወዙ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከደመወዙ ላይ ለሥራው ሲያወጣ ነው። በቀን ስንት ቤት እንደሚጎበኙም ይቁጠሩ። ስምንት ቤት የገባች ልጅ ስምንተኛው ቤት ስትደርስ የምታዳምጠው የታክሲ ሰልፉን ነው።

አንድ የጽሕፈት ዘዴ ልንገርዎ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይበልጥም። የሠራተኛ ድጋፍን እዚያ ከከተቱት መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ፕሮፖዛል ሲጽፉ ሱፐርቪዥኑን ከአገልግሎቱ ጋር ያስሩት። «50 ቤተሰብ ይጎበኛል» ካሉ ጎብኚዋን የሚደግፈው ሰዓትም የጉብኝቱ አካል ነው። ለጋሾች ሲብራራላቸው ይቀበላሉ፣ ሁለቴ አይቻለሁ።

ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ አገኘሁ። ታካሚዎቼን ጥዬ መሄድ ክህደት አይሆንብኝም?

አይሆንም፣ ሂድ። ሕጉ የሚጠይቅህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ታካሚ ራስህ ተሰናበት፣ የሚተካህን ሰው ይዘህ። በየወሩ መርፌውን የሚወስድ ሰው መጥቶ «ለቋል» ሲባል የሚቀጥለውን ወር ላይመጣ ይችላል።

ሲስተር፣ የኬዝ ዕቁቡ ውስጥ መግባት እችላለሁ? (የገላኗ ነኝ)

የእኛ ሞልቷል፣ ስምንት ነን። ከዚያ ከበዛ ዕጣው አይደርስም። የራስሽን ጀምሪ። አራት ሰው ይበቃል፣ ከተለያየ መሥሪያ ቤት ቢሆን ይመረጣል። አለቃ አይግባ። ቦታው የማንም ቢሮ አይሁን። ቡናውን ደግሞ ዕጣ የደረሰው ሰው እንዳያፈላ። እሱ ያውራ፣ ሌላ ሰው ያፍላ።