ለተማሪ ልጆቻችን፦ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዕለት ምግብ

ውድ ልጆቼ፣

በሜሪላንድ በአንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ለረጅም ዓመታት ስሠራ፣ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ የሐበሻ ልጆች ብዙውን ጊዜ ስለ ክሬዲትና ስለ ትራንስፈር ጠይቀውኝ ይሄዳሉ። ኪራይ እንደጎደላቸው ወይም ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ የሚነግሩኝ ትምህርት ለማቋረጥ ሲወስኑ ነው። ይሉኝታ ያሳደገን ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ዋጋ ያስከፍለናል፤ እርዳታው ቀነ ገደብና ወረቀት ስላለው ዘግይቶ ለመጣ ልጅ የማደርግለት ነገር ጥቂት ነው።

ፋይናንሻል ኤይድ (ለተማሪ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ለትምህርት ክፍያ ብቻ የተመደበ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ኮሌጁ የዓመት ወጪያችሁን ሲያሰላ ኪራይንና ምግብንም ይጨምራል። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው የፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ) 7,395 ዶላር ሲሆን፣ የኮሙኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ዝቅተኛ በመሆኑ የሚተርፈው በሪፈንድ (በተመላሽ) መልክ ለተማሪው ይሰጣል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ትምህርት ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ ስለሚደርስ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከሌላ ቦታ አዘጋጁ፤ ሲደርስም የሴሚስተሩን ኪራይ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፋፍሳ (የፌዴራሉ የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን የታክስ መረጃ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አባታችሁ ከሥራ ወጥቶ ከሆነ የስንብት ደብዳቤውን ይዛችሁ ድጋፉ እንደገና እንዲታይላችሁ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቁ።

አንድ ነገር ረጋ ብዬ ልናገር። ከአክስቱ ቤት ወጥቶ ጓደኛው ሶፋ ላይ፣ ጓደኛው ሲሰለቸው ደግሞ በሌላ ዘመድ ሳሎን የሚያድር ልጅ ራሱን ቤት አልባ አድርጎ አያስብም። በፌዴራሉ ሕግ ግን ማደሪያ አጥቶ በችግር ምክንያት ሰው ቤት የተጠጋ ወጣት ከቤት አልባዎች ይቆጠራል። ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ከሆነና ይህ ከተረጋገጠለት፣ ከ24 ዓመት በታች ቢሆንም ያለ ወላጆቹ መረጃ ፋፍሳ መሙላት ይችላል። በሜሪላንድ የመንግሥት ኮሌጆች ደግሞ መስፈርቱን ለሚያሟሉ እንዲህ ላሉ ወጣቶች የትምህርት ክፍያ የሚቀርበት ሕግ አለ። «ቤት አልባ» የሚለው ስም ቢከብድባችሁም ማመልከቻውን ሙሉ።

ወደ ምግቡ ልለፍ። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ እርዳታ) ማግኘት ለተማሪ ቀላል አይደለም። ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለ፣ ቢያንስ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ግማሽ ያህል የተመዘገበ ተማሪ በአብዛኛው በሳምንት 20 ሰዓት በክፍያ መሥራት፣ በወርክ ስተዲ (ለተማሪዎች በፋይናንሻል ኤይድ በኩል በሚሰጥ ሥራ) መመደብ ወይም ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ማሳደግ ይጠበቅበታል። በዲቪ የመጣ አዋቂ ግሪን ካርድ ከያዘ በኋላ በተለመደው ደንብ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥገኝነት ያገኙትን ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ አስቀርቷቸዋል። የኮሌጁ ፉድ ፓንትሪ (ለተማሪዎች ምግብ በነጻ የሚታደልበት ክፍል) ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ አብዛኛው የተማሪ መታወቂያ ብቻ ይጠይቃል። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1993 ከጀመሩት ወዲህ ሐሳቡ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። መደርደሪያው ላይ ምስር፣ ሩዝ፣ የታሸገ ቲማቲምና ዘይት ታገኛላችሁ፤ ሽንኩርትና በርበሬ ከቤት ካለ የሁለት ቀን ወጥ ይወጣዋል። (እንጀራውን ግን ከሱቅ መግዛታችሁ አይቀርም።) ማን ያየኛል ብሎ የሚሸማቀቅ ካለ፣ እዚያ የሚሰለፉት የክፍል ጓደኞቹ መሆናቸውን ገብቶ ይይ።

ብዙዎቻችሁ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከአገር ልጅ ቤዝመንት ወይም አንድ ክፍል ትከራያላችሁ። ዋጋው ደህና ነው፤ ችግሩ ሁሉም በቃል መሆኑ ነው። ባለቤቱ የአባታችሁ ወዳጅ ቢሆንም፣ የወሩ ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ መብራትና ኢንተርኔት ማን እንደሚከፍል፣ ለመውጣት ከስንት ቀን በፊት መናገር እንደሚያስፈልግ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቤቱን ሳታዩ በስልክ ገንዘብ አትላኩ። በሜሪላንድ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚፈረም ውል በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት (መያዣ ገንዘብ) መጠየቅ አይቻልም፤ ስትወጡም ባለቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም ለምን እንደቀነሰ በዝርዝር ጽፎ መስጠት አለበት። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በገባችሁበት ቀንም የግድግዳውን፣ የምንጣፉንና የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ አንሡ።